ደም ግፊትና ኮሌስትሮልን በወጣትነት እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

ጎጃም ውስጥ «ደም ብዛት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አያቱን ነው። ግን የ25 ዓመት ወጣትንም ይይዛል። ራሴን ሲያመኝ እለካለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ኮሌስትሮል የሚባለው የደም ስብ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።

መጀመሪያ በደንብ ተለኩ። ባሕር ዳርም ሁኑ ዳንግላ፣ ጤና ጣቢያ ይለካል። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ቡናና ሲጋራ ተዉ። ሽንታችሁን ሽኑ። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ 5 ደቂቃ ተቀመጡ። እየተለካችሁ አታውሩ። ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው የተለካ ሰው ቁጥሩ ከፍ ይላል። በተለያዩ ቀናት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል።

ኮሌስትሮል በደም ምርመራ ይታወቃል። በሁዳዴ መጨረሻ የተሰጠ ደም ውጤቱ ከወትሮው ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ጾም ላይ መሆናችሁን ተናገሩ።

ምክንያቱን ጠይቁ። ግፊት በወጣት ላይ ሲገኝ ከጀርባው የኩላሊት ወይም የሆርሞን ችግር ሊኖር ይችላል። የወሊድ መከላከያ እንክብልና እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችም ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚባለው፣ 190 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዘር የመጣ ሊሆን ስለሚችል ወንድም እህቶቻችሁም ይመርመሩ።

ከዚያ ወደ ጓዳ። ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ መብለጥ የለበትም። እኛ ቤት ግን ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባል፤ በርበሬውም ላይ አለ፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ይደገማል። ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው እንዲዘጋጅ እናታችሁን ለምኑ፤ ወጡ ላይ ትንሽ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ዘይቱንም እዩት። ብዙ ሰው ጾም ከሆነ ኮሌስትሮል የለም ብሎ ይዘናጋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ከእንስሳ ባይመጣም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ስብ በብዛት አለው። ጎጃም የኑግ አገር ነው፤ የኑግ ዘይት ይሻላል። ዋጋው ከከበደ ሽንኩርቱን በውሃ አቁላሉና ዘይቱን መጨረሻ ላይ ጥቂት ጨምሩ። ጎመን፣ ምስርና ባቄላ አዘውትሩ። የጣና ዓሣ ስታገኙ ከሚጠበስ ይልቅ ቢቀቀል መልካም ነው።

ቅቤን ጨርሳችሁ ተዉ አልልም፤ በዓል በዓል ነው። ግን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ሙሉ ጮማና ቅቤ ከሆነ፣ በጾሙ የወረደው ኮሌስትሮል ይመለሳል። አረቄም ግፊት ይጨምራል፤ ቀንሱ።

ተንቀሳቀሱ። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ ወይም ብስክሌት መንዳት።

መድኃኒት ከታዘዘ አታቋርጡ። «ወረደልኝ» ብሎ የሚያቆም ብዙ ነው። ያወረደው ግን መድኃኒቱ ነው፤ ሲቆም ተመልሶ ይወጣል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የምትወስዱበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አመቻቹ። ጠበል የምትጠመቁም መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። ለማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊትና እንደ አቶርቫስታቲን ያሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ለእርግዝና አይሆኑም።

ቁጥሩ 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።