«$_ፖስት ባዶ ሆነብኝ»፦ ከፒኤችፒ ጋር አብረው የሚመጡ ስሞች ሲያስቸግሩ

ፒኤችፒ (ድረ ገጽ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) እናንተ ሳትጽፏቸው አዘጋጅቶ የሚያቀርባቸው ስሞች አሉት። ቫሪያብሎቹ (ዋጋቸው የሚቀያየረው) እነ $_ሰርቨር፣ $_ጌት እና $_ፖስት ናቸው። ኮንስታንቶቹ (ዋጋቸው የማይቀየረው) ደግሞ እነ ፒኤችፒ_ኢኦኤል እና __ዲር__። (እዚህ በፊደላችን ጻፍኳቸው እንጂ ኮዱ ላይ በላቲን ትልልቅ ፊደል ነው የሚገቡት።) ችግር ሲመጣ አብዛኛው ሰው የራሱን ኮድ ያገላብጣል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ይህን ስም የሞላው ማን ነው ብዬ ነው። ብሮውዘሩ ነው? ዌብ ሰርቨሩ ነው? ወይስ ፒኤችፒ ራሱ?

ፎርሙ ተልኳል፣ $_ፖስት ግን ባዶ ነው

ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ይሄ ነው፤ የሚያመጣው ነገር ግን አንድ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የተላከውን ዓይነት እዩ። ፒኤችፒ $_ፖስትን የሚሞላው መረጃው በተለመደው የኤችቲኤምኤል ፎርም መልክ ሲመጣ ብቻ ነው። ጃቫስክሪፕቱ (ብሮውዘሩ ውስጥ የሚሠራው ኮድ) ጄሰን የሚባለውን የመረጃ አጻጻፍ ከላከ ባዶ ይሆናል፣ ማስጠንቀቂያም የለም። መፍትሄው «ፒኤችፒ፡//ኢንፑት» ከሚባለው ምንጭ ጥሬውን ጽሑፍ አንብቦ ጄሰኑን መፍታት ነው።

ትንሽ ፎርም የሚሠራ፣ ፋይል ሲያያዝበት ግን የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የመጠን ገደቡ ነው። ፖስት_ማክስ_ሳይዝ የሚባለው ማስተካከያ ካልተነካ 8 ሜጋባይት ነው። ከዚያ ካለፈ $_ፖስትም፣ የተላኩ ፋይሎች የሚገቡበት $_ፋይልስም አንድ ላይ ባዶ ይሆናሉ። ጽሑፉ ደርሶ ፋይሉ ብቻ ከቀረ ግን የታለፈው ሌላው ገደብ፣ አፕሎድ_ማክስ_ፋይልሳይዝ ነው፤ እሱ 2 ሜጋባይት ነው። ሁለቱንም በፒኤችፒ ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ከፍ አድርጉ፣ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይብለጥ።

ረጅም ሠንጠረዥ ልካችሁ የታችኛው ረድፍ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ማክስ_ኢንፑት_ቫርስን እዩ። ካልተነካ የሚቀበለው የፎርም መረጃ ብዛት 1000 ላይ ይቆማል።

ብሮውዘር ላይ ይሠራል፣ በክሮን ሲነሳ ይወድቃል

ምልክቱ «ፋይሉ አልተገኘም» ወይም «ያልተገለጸ ቁልፍ» የሚል መልእክት ነው። በ$_ሰርቨር ውስጥ ያሉት ኤችቲቲፒ_ሆስት እና ሪክዌስት_ዩአርአይ ከዌብ ጥያቄ ጋር የሚመጡ ናቸው። ክሮን (በተቀጠረ ሰዓት ፕሮግራም የሚያስነሳው መሣሪያ) ስክሪፕቱን በኮማንድ ላይን ሲያስነሳው ጥያቄ የላከ ብሮውዘር የለም። የድረ ገጹን ዋና ፎልደር የሚይዘው ዶክዩመንት_ሩትም ባዶ ይሆናል። በእሱ ላይ የተሠራ የፋይል መንገድ ታዲያ ከኮምፒውተሩ ሥር ይጀምርና የሌለ ቦታ ይፈልጋል።

የፋይል መንገድን በ__ዲር__ ሥሩ። ይህ ኮንስታንት በ2009 ከፒኤችፒ 5.3 ጋር ነው የመጣው። የሚነግራችሁ ስሙ የተጻፈበትን ፋይል ፎልደር ነው፤ ያንን ፋይል የጠራውን አይደለም። መጨረሻው ላይ ስላሽ ስለሌለው ራሳችሁ ጨምሩ። የድረ ገጹን አድራሻ ግን ከ$_ሰርቨር ከመጠበቅ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ጎብኚው ሁሉ አንድ አይፒ አለው

ሰርቨራችሁ ፊት ፕሮክሲ (ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ መካከለኛ ሰርቨር) ቆሟል ማለት ነው። በ$_ሰርቨር ውስጥ ያለው ሪሞት_አድር የሚይዘው ከሰርቨሩ ጋር በቀጥታ የተገናኘውን ነው፤ ያ ደግሞ አሁን ፕሮክሲው ነው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ የሚገለበጠው መፍትሄ «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር» የሚለውን ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚላክ ተጨማሪ መረጃ) አንብቦ ማመን ነው። እኔ አልወደውም። ያንን ሄደር ማንም የፈለገውን ቁጥር ጽፎበት መላክ ይችላል። ሎግ ለማየት ብቻ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ሰው ለማገድ ወይም ለማስገባት ከተጠቀማችሁበት ግን በሩን ከፍታችሁ ተኛችሁ ማለት ነው። ትክክለኛው ቦታ ዌብ ሰርቨሩ ነው። በአፓቼ ሪሞትአይፒ፣ በኤንጂንኤክስ ሪልአይፒ የሚባሉ ሞጁሎች አሉ። የምታምኑትን ፕሮክሲ አድራሻ ንገሯቸው፣ ሪሞት_አድር ራሱ ይስተካከላል።

ገጹ ወደ ኤችቲቲፒኤስ እየመለሰ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ከገባም መነሻው ብዙ ጊዜ ያው ፕሮክሲ ነው። ከፕሮክሲው እስከ ሰርቨሩ ያለው መስመር ያልተመሰጠረ ስለሆነ በ$_ሰርቨር ውስጥ ኤችቲቲፒኤስ የሚለው ቁልፍ አይሞላም።

የኮንስታንቱ ስም እንዳለ ይታተማል

ድርብ ጥቅስ ውስጥ የገባ ቫሪያብል በዋጋው ይተካል፣ ኮንስታንት አይተካም። ከጥቅሱ አውጡትና በነጥብ ቀጥሉት።

የቆየ ኮድ ፒኤችፒ 8 ላይ ሲጫን «ያልተገለጸ ኮንስታንት» ብሎ ከቆመ ደግሞ ስሙ ድሮም ተሳስቶ ነበር። ፒኤችፒ እስከ 7 ድረስ የማያውቀውን ስም እንደ ተራ ጽሑፍ እየቆጠረ ያልፈው ነበር፣ 8.0 ይህን ትዕግሥት አቆመ። በጥቅስ ያልተከበበ የአሬይ (ብዙ ዋጋ የሚይዝ ዝርዝር) ቁልፍም ዋና ተጠርጣሪ ነው። የፊደል መጠንንም እዩ፤ __ዲር__ በትንንሹም ይሠራል፣ ፒኤችፒ_ኢኦኤል ግን አይሠራም።

የቀሩት ቶሎ ያልቃሉ

ፒኤችፒ_ኢኦኤል ገጹ ላይ መስመር ካልቀየረ አልተበላሸም። ለፋይልና ለተርሚናል ነው፤ ብሮውዘር የሚፈልገው የቢአር ታግ ነው።

የሲስተሙን ቫሪያብሎች የሚይዘው $_ኤንቭ ባዶ ከሆነ ቫሪያብልስ_ኦርደር በሚባለው ማስተካከያ ውስጥ «ኢ» የምትለዋ ፊደል የለችም። ጌትኤንቭ በሚለው ፈንክሽን አንብቡ።

ሰዓቱ ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ ፒኤችፒ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ነው። በ$_ሰርቨር ውስጥ ያለው ሪክዌስት_ታይም ከ1970 ጀምሮ ያለፈ የሰከንድ ብዛት ስለሆነ ጥፋት የለበትም። ዴት.ታይምዞን የሚባለውን ማስተካከያ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» አድርጉት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ግን በሐበሻ ሰዓት እየቆጠራችሁ እንዳይሆን።