ከነፍስ አድን ድርጅት ፑድል ወስደው ለማሳደግ ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ አንድ ፑድል የሚባል ዝርያ ውሻ ቤት አጥቶ በነፍስ አድን ድርጅት፣ ማለትም ቤት ያጡ ውሾችን ተቀብሎ ለአዲስ ቤተሰብ በሚሰጥ ድርጅት፣ እጅ የሚወድቅበት ምክንያት ብዙ ነው። አሳዳጊው ሲሞት ወይም ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ሲገባ የሚረከበው ዘመድ ያጣ አለ፤ የፀጉሩ ወጪ ከብዷቸው ባለቤቶቹ ያስረከቡት አለ፤ ቡችላ እያስወለዱ በሚሸጡ የንግድ እርባታ ቦታዎች ዕድሜውን በሽቦ ኬጅ ውስጥ ጨርሶ፣ ለመውለድ አይሆንም ሲባል የተጣለም አለ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ውሻ ይምጣልን እያሉ ሲወተውቷቸው ይህን መንገድ መምረጣቸው እጅግ ደስ ያሰኛል። የሚያሳዝነው ግን ከተወሰዱት ውሾች አንዳንዶቹ ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ወደ ድርጅቱ መመለሳቸው ነው። በእኔ እምነት ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ውሻው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ ያለፈ ታሪኩና የሚገባበት ቤት አኗኗር አስቀድመው ስላልተመዛዘኑ ነው።

ፎቶ አይቶ መምረጥ

ነፍስ አድን ድርጅቶች የሚያወጡት የፑድል ፎቶ ብዙ ጊዜ ውሻው በመጣ ሰሞን የተነሳ ነው። ፀጉሩ ተተብትቦ ስለመጣ እስከ ቆዳው ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ ዓይኑ ፈርቷል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። ፀጉር ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። ከፎቶው ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው የውሻው መጠን፣ ዕድሜና ጠባይ ነው። ፑድል ሲባል እቅፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ነጭ ውሻ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን በአሜሪካ በሦስት መጠን ይመደባል። ትንሹ፣ ቶይ የሚባለው፣ ትከሻው ድረስ ሲለካ ከ25 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ሚኒየቸሩ እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ስታንዳርድ ደግሞ ከ18 እስከ 32 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ይህ ዝርያ በጀርመን የተገኘ፣ በአደን የተመታ ዳክዬ ከውኃ ውስጥ እየዋኘ እንዲያመጣ የሠለጠነ የሥራ ውሻ ነው። በመሆኑም ስታንዳርድ ፑድል በቂ እንቅስቃሴና አእምሮውን የሚያሠራ ነገር ካላገኘ ጫማውንም በሩንም ማኘክ ይጀምራል። ቶይ ፑድል በበኩሉ የፊት እግሩ አጥንት ቀጭን በመሆኑ ከሕፃን እጅ ወይም ከሶፋ ላይ ሲወድቅ በቀላሉ ሊሰበር ይችላል፤ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ባሉበት ቤት ሚኒየቸሩ ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው።

ያረጀ ውሻ ነው ብሎ ማለፍም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ትናንሾቹ ፑድሎች አሥራ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ መኖር ስለሚችሉ፣ የስምንት ዓመት ፑድል የወሰደ ሰው ጠባዩ የታወቀና የተረጋጋ ጓደኛ ለብዙ ዓመታት ያገኛል።

«አለርጂ አያስነሳም» የሚለውን እንዳለ መቀበል

የፑድል ፀጉር እንደ ሌሎች ውሾች አይረግፍም፤ ይህ እውነት ነው። አለርጂ የሚያስነሱት ፕሮቲኖች ግን በውሻው ምራቅ፣ በሚረግፈው የቆዳ ቅርፊትና በሽንቱ ውስጥ ያሉ ስለሆኑ ከእነሱ ፈጽሞ ነፃ የሆነ ውሻ የለም። በቤቱ ውስጥ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ካለ፣ ውሻው በጊዜያዊነት ወደሚቆይበት ቤት ሄዶ ከእሱ ጋር ረዘም ያለ ሰዓት ማሳለፍና ይህንኑ በሌላ ቀን መድገም፣ ወስዶ ከመመለስ ያድናል።

ፀጉሩን አቅልሎ ማየት

ለብዙ ፑድሎች ቤት ማጣት ምክንያት የሆነው ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት አለብኝ። የማይረግፍ ፀጉር ማለት ያለማቋረጥ የሚያድግ ፀጉር ማለት ነው፤ የተነቀለውም ወደ መሬት ከመውደቅ ይልቅ በቆመው ፀጉር ውስጥ ተጠምጥሞ ይቀራል። በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ወደ ውሻ ፀጉር አስተካካይ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህም በዓመት ከ9 እስከ 13 ጊዜ ያህል ስለሚሆን፣ ውሻውን ከመውሰድዎ በፊት በሰፈርዎ ያለውን ዋጋ ጠይቀው የዓመቱን ወጪ ማስላት ይገባል።

ወጪውን የተዘጋጁበት ሰዎች እንኳ በቤት ውስጥ አበጣጠር ይሳሳታሉ። ብሩሹን ከላይ ከላይ ሲያስኬዱት ፀጉሩ ለዓይን ለስላሳ ይመስላል፤ ከሥር ግን ቆዳው ላይ እንደ ምንጣፍ ተጣብቆ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር ፀጉሩን በአንድ እጅ ቆዳው እስኪታይ ከፍሎ ይዞ፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ በብሩሽ ማፍታታት፣ ከዚያም ጥርሱ ረጅም በሆነ የብረት ማበጠሪያ መሞከር ነው፤ ማበጠሪያው ከቆዳው ተነሥቶ እስከ ጫፉ ሳይያዝ ካለፈ ያ ቦታ አልቋል ማለት ነው። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ሥርና የአንገት ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ በጣም ቶሎ ስለሚተበተቡ በየዕለቱ መታየት አለባቸው። ሳያበጥሩ ማጠብ ትብትቡን የባሰ ያጠብቀዋል። የጠጠረ ትብትብ ሲያጋጥም ደግሞ በመቀስ መቁረጥ አይገባም፤ ቆዳው ወደ ትብትቡ ተስቦ ስለሚገባ ብዙ ውሾች በዚህ ቆስለዋል። እንዲህ ያለውን ለባለሙያ መተው ነው። ጆሮው ውስጥም ፀጉር ስለሚበቅልና እርጥበት ስለሚይዝ፣ ሽታ ወይም መቅላት ካለ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

የቤቱን ሰው ሁሉ ሳያማክሩ መወሰን

በአገራችን ውሻ በአብዛኛው ግቢ የሚጠብቅ እንጂ ሳሎን የሚገባ አይደለም። አሜሪካ ያደገው ልጅ ውሻውን አልጋው ላይ ማስተኛት ሲፈልግ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ የመጡ አያት ደግሞ ውሻ በሚያልፍበት ቤት መጸለይ ሊከብዳቸው ይችላል፤ በሙስሊም ቤተሰብም የውሻ ምራቅ የነካው ልብስና ዕቃ ጉዳይ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ይህን «ዘመኑ ተለውጧል» ብሎ ማለፍ አላዋቂነት ነው፤ የአያቶቹ ስሜት ሊከበር ይገባዋል፣ ውሻውም በየቀኑ ከሚባረርበት ቤት ባይገባ ይሻለዋል። ስለዚህ ማመልከቻው ከመሞላቱ በፊት ተቀምጦ መነጋገር፣ ውሻው የማይገባበትን ክፍል መወሰን፣ በሩ ላይ አጥር ማድረግ፣ ማን እንደሚያወጣውና ማን እንደሚያበጥረው መስማማት ያስፈልጋል። የተከራዩም እንደሆነ የኪራይ ውልዎ ውሻ መፍቀዱን፣ የክብደት ገደብና ተጨማሪ ክፍያ መኖሩን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

የሥራ ሰዓትም የዚሁ ምክክር አካል ነው። ፑድል ከሰው እግር ሥር የማይለይ ውሻ በመሆኑ፣ ባልና ሚስት ሁለት ፈረቃ በሚሠሩበትና ልጆች እስከ ማታ ትምህርት ቤት በሚቆዩበት ቤት ለአሥር ሰዓታት ብቻውን ቢውል ይጮኻል፣ ራሱን ይልሳል፣ ቤት ውስጥ ይሸናል። ቀትር ላይ መጥቶ የሚያወጣው ሰው ከሌለ ለጊዜው ባይወስዱ ይመረጣል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቸኮል

ውሻው የገባ ዕለት ዘመድ ጠርቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ እሱን ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ለውሻው ጭንቀት ነው። በነፍስ አድን ሠራተኞች ዘንድ የተለመደ አንድ ግምት አለ፤ ድንጋጤው እንዲበርድ 3 ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት እንዲለምድ 3 ሳምንት፣ ቤቴ ነው ብሎ እንዲረጋጋ 3 ወር።

ከእርባታ ቦታ ለተረፈች እናት ግን ይህም አይበቃም። እንዲህ ያለች ውሻ ሣር ላይ ሲያቆሟት እግሮቿን አንድ በአንድ እያነሳች ትንቀጠቀጣለች፤ ከሽቦ ወለል ሌላ ረግጣ አታውቅምና። ደረጃ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ የቴሌቪዥን ድምፅ ያስበረግጋታል፣ በኬጇ ውስጥ መጸዳዳት የተገደደች ስለሆነች የውጭ መጸዳጃን ከዜሮ ትማራለች። ሊዳብሷት እጅዎን ሲዘረጉ ወደ ማዕዘን ከሸሸች መከተል አይገባም፤ ወለሉ ላይ ትኩር ብለው ሳያዩዋት ቁጭ ብሎ ምግብ አጠገብ ማስቀመጥና ራሷ እስክትመጣ መጠበቅ ነው። የተረጋጋ ሌላ ውሻ በቤቱ ካለ ከሰው ይልቅ ከእሱ ቶሎ ትማራለች።

የሚያመልጡትም በአብዛኛው በእነዚህ ቀናት ነው። የፈራ ውሻ ወደ ኋላ ተስቦ ከአንገት ማሰሪያ ስለሚወጣ፣ ሲጎተት የሚጠብቅ የአንገት ማሰሪያና የደረት ማሰሪያ አንድ ላይ አድርጎ ማውጣት፣ በር ሲከፈትም መያዝ ያስፈልጋል። ከቆዳው ሥር የሚቀመጠው ትንሽ መለያ፣ ማይክሮቺፑ፣ ውሻው የት እንዳለ አይጠቁምም፤ ያገኘው ሰው ሲያስመረምረው ቁጥሩን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ የእርስዎ ስልክ በመዝገቡ ላይ መግባቱን በዚያው ሳምንት ያረጋግጡ።

ከማዕድ መመገብ

ቤት የገባን እንግዳ ማጉረስ ልማዳችን ነው፤ ለውሻ ግን ወጣችን መርዝ ሊሆን ይችላል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ ወይም በበርበሬ ውስጥ የተፈጩ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ሦስት ኪሎ ለማትሞላ ቶይ ፑድል ጥቂቱ ብዙ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለት ይሆናል። ቅባት የበዛበት ጥብስና ቅቤ ቆሽትን ያስቆጣል። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካም ከእጁ መራቅ አለባቸው። ለጾም መያዣና ለበዓል እንግዳ ሲመጣ ይህን ለሁሉም አስቀድሞ መንገር የአሳዳጊው ኃላፊነት ነው።

የጤና ታሪኩን አለመጠየቅ

ከደቡብ ግዛቶች ወደ ሰሜን የሚጓጓዙ ውሾች አሉ፤ በዚያ ወባ ትንኝን በመሰሉ ትንኞች የሚተላለፍ የልብ ትል በብዛት ይገኛል። ሕክምናው ውሻው ለወራት ሳይሮጥ እንዲቆይ ስለሚያስገድድ፣ ተመርምሮ እንደሆነና ወርሃዊ መከላከያ እየወሰደ እንደሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው። የትናንሾቹን ጥርስና ጉልበት፣ የስታንዳርዱን ደግሞ አዲሰን የሚባለውን የአድሬናል እጢ በሽታ ታሪክ ይጠይቁ። ስታንዳርድ ፑድል ሆዱ ተነፍቶ ማስመለስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው ጨጓራው ተጠማዝዞ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አይጠበቅም።

ማጣሪያ የሌለውን ሰጪ ማመን

«ነፃ ፑድል፣ የማጓጓዣ ብቻ ክፈሉ» የሚል ማስታወቂያ ማጭበርበር ነው ብሎ መነሳት ይሻላል፤ በተለይ ውሻውን በአካል የማያሳይና በስጦታ ካርድ የሚያስከፍል ከሆነ። እውነተኛ ድርጅት ረጅም ማመልከቻ ያስሞላል፣ ሐኪም ይጠይቃል፣ ቤት ይጎበኛል፣ ውል ያስፈርማል። ይህ ንቀት ሳይሆን ለውሻው ያለ ኃላፊነት ነው። ድርጅቱ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ከግብር ነፃ ሆኖ መመዝገቡን በአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ማየት ይቻላል፤ በደቡብ ካሮላይና የሚገኘው ካሮላይና ፑድል ሬስኪውና የአሜሪካ ፑድል ክለብ የነፍስ አድን ፋውንዴሽን ለፍለጋ መነሻ ይሆናሉ።

ሲከብድ ማፈርና መደበቅ

ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ብዙዎች ድርጅቱን መጥራት ያፍራሉ፤ ውሻውን ለጎረቤት ይሰጡታል ወይም በኢንተርኔት ለማያውቁት ሰው ያስተላልፉታል። አብዛኛው ውል ግን ውሻው ለሰጠው ድርጅት እንዲመለስ ያዛል፣ ምክንያቱም ታሪኩን የሚያውቀውና የሚቀበለው እሱ ነው። የሚሸና፣ የሚነክስ ወይም ሌሊት የሚጮህ ፑድል ሲገጥም ቶሎ ይደውሉ፤ ብዙ ጊዜ አሠልጣኝ ወይም ሐኪም ይጠቁማሉ፣ ለጥቂት ቀናት ተቀብለው የሚያቆዩም አሉ። መመለስ የግድ ከሆነም ከነክትባት ማስረጃው፣ የሚበላውን ምግብ ዓይነትና የታዘቡትን ጠባይ ጽፈው ያስረክቡት፤ ቀጣዩ ቤተሰብ ከዚያ ወረቀት ይጀምራል።