ጥርት ባለ ሰማይ የተደበቀ ነውጥ፦ የባሉን መረጃ ሲያሳስተን ምን እናድርግ?

ሐረጎ ላይ ቆማችሁ ኮምቦልቻን ቁልቁል ስታዩ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። ላይኛው አየር ግን የተረጋጋ ነው ማለት አይደለም። ደመና በሌለበት የሚነሳ ነውጥ (አውሮፕላንን የሚያንገጫግጭ የአየር መናወጥ) ለዓይን አይታይም። የአውሮፕላኑ ራዳርም በዋናነት የሚያየው የዝናብ ጠብታ ስለሆነ ያልፈዋል። ይህን ነውጥ ከሚጠቁሙን ጥቂት ነገሮች አንዱ ራዲዮሶንድ (ሙቀትን፣ እርጥበትንና ነፋስን እየለካ በሬዲዮ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ) አንጠልጥሎ የሚወጣው የሜትሮሎጂ ባሉን ነው።

እኔ ደሴ ተቀምጬ የአዲስ አበባ ቦሌ ጣቢያን (ቁጥሩ 63450) መረጃ ከአሜሪካው ዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ እያወረድኩ ነውጥ ያለበትን ከፍታ በስሌት እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ስህተቶቹ ግን ተደጋጋሚ ናቸው።

ስሌቱ «ነውጥ የለም» ብቻ ይላል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመረጃው ነጥቦች መራራቅ ነው። የምንጠቀመው የሪቻርድሰንን ቁጥር ነው። ይህም የአየሩን እርጋታ ነፋሱ በከፍታ በሚያሳየው ለውጥ ካሬ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ0.25 ሲያንስ ንብርብሩ ለመናወጥ ተዘጋጅቷል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከላይና ከታች በ1,500 ሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦች ብቻ አሉኝ እንበል። ነፋሱ በ12 ሜትር በሰከንድ ይለያያል፤ ፖቴንሻል ቴምፕሬቸሩ (አየሩን ወደ 1,000 ሄክቶፓስካል ግፊት ብናወርደው የሚኖረው ሙቀት) ከ340 ኬልቪን አካባቢ ተነስቶ በ10 ኬልቪን ይጨምራል። ስሌቱ 3 ይሰጣል፤ ሰላም ነው ማለት ነው። ነገር ግን እዚያው ውስጥ ባለ 300 ሜትር ንብርብር ላይ ብቻ ነፋሱ በ9 ሜትር በሰከንድ፣ ፖቴንሻል ቴምፕሬቸሩ በ2 ኬልቪን ተቀይሮ ከሆነ ውጤቱ 0.21 ነው። ነውጡ እዚያ ነበር፤ እኛ ዘለልነው።

መፍትሄው በየ1 ወይም በየ2 ሰከንዱ የተመዘገበውን ሙሉ ፋይል ማግኘት ነው። ባሉኑ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ስለሚወጣ በየ5 ወይም በየ10 ሜትሩ ነጥብ ይኖራችኋል። ሙሉው ፋይል ካልተገኘ «ነውጥ የለም» ብላችሁ አትጻፉ። «በዚህ መረጃ አይታይም» በሉ።

ነፋሱ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ይላል

ሙሉው ፋይል ሲገኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ራዲዮሶንዱ በገመድ ላይ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል። ገመዱ 30 ሜትር ከሆነ አንድ ውዝዋዜ 11 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ባሉኑ 55 ሜትር ወጥቷል። በነፋሱ ግራፍ ላይ በየ55 ሜትሩ የሚደጋገም ጥርስ ካያችሁ የሰማዩ ሳይሆን የገመዱ ሥራ ነው። የገመዱን ርዝመት ጠይቁ፣ የውዝዋዜውን ጊዜ አስሉ፣ ቢያንስ በዚያ ርዝመት አማካይ ወስዳችሁ አለስልሱት። በጣም ካለሰለሳችሁ ግን ወደ መጀመሪያው ችግር ትመለሳላችሁ።

ልክ ከደመና ሲወጣ ነውጥ ይታያል

ይህኛው እኔን ደጋግሞ ሸውዶኛል፤ በተለይ በክረምት። ሴንሰሩ በደመናው ውስጥ ይረጥባል ወይም በረዶ ይይዛል። ወደ ደረቅ አየር ሲወጣ እርጥበቱ ይተናል፣ ሴንሰሩም ይቀዘቅዛል። ልክ ከገላ መታጠብ በኋላ ነፋስ ሲነካን እንደሚበርደን ነው። የምናሰላበት ፕሮግራም ይህን ሲያይ ከታች ሞቃት ከላይ ከመጠን በላይ ቀዝቃዛ አየር ያለ ይመስለውና «አየሩ ተገለባብጧል» ይላል። የእርጥበቱን ግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጡ። እርጥበቱ ከ100 በመቶ አካባቢ የወደቀበት ከፍታና «ነውጡ» አንድ ከሆኑ ያንን ንብርብር ሰርዙ።

በየቦታው ጥቃቅን ነውጥ ይበተናል

የሴንሰሩ ጩኸት (ልኬቱ ያለ ምክንያት ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ) ነው። የሙቀት ልዩነቱ ከሴንሰሩ የስህተት መጠን ካልበለጠ አትቁጠሩት።

የቦሌው ባሉን «ሰላም» ሲል ወደ ላሊበላ የበረረው ሰው ተንገጫግጯል

የእኛ የወሎዎቹ ዋና ችግር ይህ ነው። ቦሌ ከደሴ በአየር መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ባሉን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚለቀቅበት መደበኛ ሰዓትም በእኛ አቆጣጠር የቀኑና የሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ የጠዋቱን በረራ አያገኘውም። ከሁሉ በላይ ግን ተራራው አለ። የቦርከና ውሃ ድንጋይ ሲያልፍ ከድንጋዩ ማዶ ይታጠፋል፣ ይሞገዳል። ነፋስም ከ4,200 ሜትር በላይ ያለውን አቡነ ዮሴፍን ሲሻገር እንዲሁ ነው። ያ ሞገድ ቦሌ አይደርስም።

ስለዚህ የቦሌውን መረጃ እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ጥቆማ ያዙት። በተራራው አናት ከፍታ ላይ ነፋሱ ከ10 ሜትር በሰከንድ በልጦ የተራራውን ሰንሰለት አቋርጦ ይመታል? ከአናቱ ትንሽ ከፍ ብሎ የረጋ ንብርብር ተቀምጧል? ሁለቱም አዎ ከሆኑ የተራራ ሞገድ ጠብቁ፤ በዚያ ቀን የበረረ አብራሪ ካወራም ቃሉን መዝግቡ። እኔ እንዲህ ባለ ቀን ወደ ላሊበላ የሚሄድ ዘመድ ካለኝ ደውዬ «አውሮፕላኑ እስኪቆም ቀበቶህን እንዳትፈታ» እለዋለሁ።