የንብረት ግብር ገማቾችን ማኅበር ሲመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራዬን ስናገር የብዙ ሰው ፊት ይቀያየራል። «አንተ ነህ እንዴ ግብሩን የምትቆልልብን?» ይሉኛል፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር። ቨርጂኒያ ውስጥ የቤትና የመሬት ዋጋ ገማች ነኝ። እዚህ ያለን አበሾች «አሰሰር» የምንለው ማለት ነው። በሙያ ማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ውስጥም ለተወሰኑ ዓመታት አገልግያለሁ። ከታች ካሉት ስህተቶች ገሚሱን ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ የቀረውን አጠገቤ ሲሠራ አይቻለሁ።

ግምትንና ግብርን ማደባለቅ

ገማች የንብረቱን ዋጋ ይተምናል። የግብሩን መጣኔ የሚወስነው ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ነው። 600 ሺህ ዶላር የተገመተ ቤት፣ መጣኔው ከ100 ዶላር 1 ዶላር ከሆነ፣ 6 ሺህ ዶላር ይከፈልበታል። ግምቱ ወደ 660 ሺህ ቢያድግና ምክር ቤቱ መጣኔውን ወደ 91 ሳንቲም ዝቅ ቢያደርገው፣ ሂሳቡ ያው 6 ሺህ ገደማ ነው።

ይህን ማንም ገማች ያውቃል። ግን ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ደቅኖ «ግብር ለምን ጨመረ?» ሲለው፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ስለ መምህራን ደመወዝና ስለ መንገድ ጥገና ማስረዳት ይጀምራል። የሌላ ሰው በጀት ጠበቃ ሆነ ማለት ነው። በዓመቱ ምክር ቤቱ «ጥፋቱ የገማቾች ነው» ሲል መልስ አይኖረውም።

የእኛም ጥፋት አለበት። አንድ እሑድ አሌክሳንድሪያ አካባቢ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዲት እናት የግምት ማሳወቂያ ደብዳቤ ይዘው መጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ብር ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ። የቤታቸውን ዋጋ እንደሚከፍሉት ሂሳብ አንብበውት ነው። «ይህ የክፍያ ሂሳብ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ደብዳቤው ላይ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል። «እማማ፣ ይሄ ቤትዎ ቢሸጥ ያወጣል የተባለው ዋጋ ነው» ብላቸውም ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። ማኅበር ለአባላቱ አንድ ነገር ይሥራ ከተባለ፣ ተራ ሰው የሚረዳው የደብዳቤ ናሙና ማዘጋጀት ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

በማን ስም እንደሚናገሩ አለመለየት

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የማኅበር መሪ ግን ሁልጊዜ ሁለት ዛፍ ላይ ነው፤ የካውንቲ (የአካባቢ መስተዳድር) ሠራተኛም፣ የሙያው ቃል አቀባይም።

የግዛቱ ሕግ አውጪ በየጥር በዋና ከተማው ሪችመንድ ሥራ ይጀምራል። ንብረት ግብርን የሚነኩ ረቂቆች ሁሌም አይጠፉም። አንድ ዓመት ስለ አንዱ ረቂቅ ለአንድ የግዛቱ ሕግ አውጪ አባል ጽሕፈት ቤት ኢሜይል ጻፍኩ። ፊርማዬ የማኅበሩ፣ አድራሻው የመሥሪያ ቤቴ። በማግስቱ አለቃዬ ጠሩኝ። ለካ መሥሪያ ቤታችን ረቂቁን ይደግፋል፤ እኔ ተቃውሜያለሁ። በዚያ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኢሜይል የሕዝብ ሰነድ ነው፤ የግዛቱ ነዋሪ የሆነ ሰው ጠይቆ ሊያገኘው ይችላል። ያን ቀን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ የማኅበር ጉዳይ በማኅበር ኢሜይል ብቻ ሆነ። ለምስክርነት ስሄድ ከዓመት ፈቃዴ አወጣለሁ። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬም «የምናገረው በማኅበሩ ስም ነው፤ የአሠሪዬ አቋም አይደለም» የሚል ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሥራ አስፈጻሚው ድምፅ ያልሰጠበትን አቋም «የማኅበሩ አቋም» ማለት ውሸት ነው። አባላቱ ከተከፋፈሉ ስለ አሠራሩ ብቻ መናገር ይቻላል። በጦር አገልግሎት ምክንያት ሙሉ በሙሉ አካል ጉዳተኛ የሆኑ የቀድሞ ወታደሮች ከቤት ግብር ነፃ ይሁኑ ወይ የሚለው የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ከቤቱ ጋር ምን ያህል መሬት ነፃ ይሆናል፣ ማስረጃውን ማን ያጣራል የሚለው ግን የእኛ ነው። ሕግ አውጪዎችም ከእኛ የሚፈልጉት ይህን ሁለተኛውን ነው።

ትችት ሲመጣ መጀመሪያ መካድ

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። በ2017 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣና ፕሮፐብሊካ ኢሊኖይ የተባለ የምርመራ ዜና ድርጅት፣ ቺካጎ ስላለችበት ስለ ኩክ ካውንቲ ግምት ተከታታይ ዘገባ አወጡ። ርካሽ ቤቶች ከሚሸጡበት ዋጋ አንፃር ከፍ ተደርገው፣ ውድ ቤቶች ደግሞ ዝቅ ተደርገው ይገመታሉ የሚል ነበር። በወቅቱ የካውንቲው ተመራጭ ገማች የነበሩት ጆሴፍ ቤሪዮስ በመጋቢት 2018 የፓርቲያቸው ማጣሪያ ምርጫ ላይ በፍሪትዝ ኬጊ ተሸነፉ። አሜሪካ ውስጥ የገማች ምርጫ እንዲህ መነጋገሪያ ሲሆን ብዙ አይታይም።

ችግሩ ምን እንደሚመስል በሁለት ቤት ላሳይ። አንዱ 200 ሺህ ዶላር ተሸጠ፤ ግምቱ 220 ሺህ ነው። ሌላው አንድ ሚሊዮን ተሸጠ፤ ግምቱ 800 ሺህ። የመጀመሪያው ግምት ከሽያጩ 110 በመቶ፣ የሁለተኛው 80 በመቶ ነው። የሁለቱ አማካይ 95 በመቶ ይሆናል፤ ጥሩ ይመስላል። ጠቅላላ ግምቱን ለጠቅላላ ሽያጩ ስናካፍል ግን 85 በመቶ ይመጣል። 95ን ለ85 ብናካፍል 1.12 ገደማ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የገማቾች ማኅበር በመመዘኛው ያስቀመጠው ልክ ከ0.98 እስከ 1.03 ነው። ከዚያ ካለፈ ድሃው ለሀብታሙ እየከፈለ ነው ማለት ነው።

እዚህ ውስጥ የግድ ተንኮል የለም። ዋጋ የምንተምንበት የኮምፒውተር ሞዴል የቤቱን ውስጥ አያይም፤ ወጥ ቤቱ የፈራረሰውንና የታደሰውን እኩል ሊተምን ይችላል። ጠበቃ ቀጥሮ ይግባኝ የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሚሊዮኑ ነው፤ ባሸነፈ ቁጥር ግምቱ ይወርዳል። ይህን ተናግሮ ቁጥሩን ማውጣት ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ማኅበሩ ጋዜጠኛ ከመምጣቱ በፊት አባላቱ ግምትን ከሽያጭ የሚያስተያየውን ጥናት በየዓመቱ እንዲያወጡ ቢገፋፋ ኖሮ ስንት ሰው ከውርደት በዳነ። እኛ ግን «ተመራማሪዎቹ ሥራችንን አያውቁትም» የሚል መግለጫ መጻፍ ይቀናናል። እኔም አንድ እንዲህ ያለ ረቂቅ ጽፌያለሁ። ደግነቱ አልወጣም።

አገር ቤት ላሉ ባልደረቦችም ይህ ቅርብ ነው። የንብረት ታክስ አዋጁ በጥር 2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ለዘመናት በጣራና ግድግዳ ግብር የኖረ ከተማ ወደ አዲስ አሠራር እየገባ ነው። እዚያ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ግምትን ከሽያጭ ጋር ለማስተያየት የሽያጩ ዋጋ እውነተኛ መሆን አለበት፤ ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ገዥና ሻጭ የተቀባበሉት ብር እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። መሬቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የገማቾች ማኅበር ያቋቋመ ሰው ከሥነ ሥርዓትና ከአርማ በፊት የዋጋ መረጃውን ጉዳይ ቢይዝ እመክራለሁ።

የትልልቆቹ ቢሮዎች ክበብ መሆን

ፌርፋክስን የመሰለ ካውንቲ በየዓመቱ ይገምታል፤ ባለሙያም ኮምፒውተርም ሞልቶታል። ከ50 ሺህ ሕዝብ ያልበለጠ የገጠር ካውንቲ ደግሞ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት አንዴ መገመት ይችላል፤ ብዙዎቹም ለዚሁ የግል ድርጅት ይቀጥራሉ። የሁለቱ ጭንቀት አይገናኝም። ሆኖም ስብሰባው ሁሌ ውድ ሆቴል ውስጥ፣ ወንበሩም ሁሌ የትልልቆቹ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ጫፍ ስድስት ሰዓት ነድቶ የመጣ አባል «እኔ የምፈልገው የእርሻ መሬት ግምት ሥልጠና ነበር» አለኝ። በዚያ ዓመት የነበረን ሥልጠና ስለ ቢሮ ሕንፃዎች ኪራይ ነበር።

ስፖንሰርን ችላ ብሎ ማየት

የጉባኤውን ምሳ የሚከፍለው የግምት ሶፍትዌር ሻጭ ነው። መቀበል ነውር አይደለም። ያው ሻጭ አባላት መሥሪያ ቤት ውስጥ ጨረታ ላይ እያለ ግን የሥራ አስፈጻሚ አባል አብሮት ጎልፍ መጫወት የለበትም። ማን ስንት እንደሰጠ በጉባኤው መጽሔት ላይ ይታተም፤ አለቀ።

ርክክብን ለመጨረሻው ሳምንት መተው

የሥራ ዘመኑ አጭር ነው፤ ወንበሩን ለምደው ሳይጨርሱ ያልቃል። የባንክ ፈራሚ፣ የአባላት ዝርዝር፣ የድረ ገጹ ይለፍ ቃል፣ ያልተዘጋ የሆቴል ውል፤ እነዚህ በጽሑፍ ይሰጡ። እኔ የተረከብኩት አንድ ፍላሽ ነበር፤ ያውም የተቆለፈ። ቁልፉን የሚያውቀው ሰው ጡረታ ወጥቶ ፍሎሪዳ ገብቷል። በስልክ ሳገኘው ዓሣ እያጠመደ ነበር፤ ትዝ እስኪለው ሦስት ቀን ፈጀበት።