ምጣዱ አልለቅም ሲለኝ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ የገዛሁት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሳምንት አስለቀሰኝ። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ሰፌዱን ሳስጠጋ ጫፉ ይቀደዳል፣ መሃሉ እዚያው ይቀራል። ጥፋቱን ሁሉ ሊጡ ላይ ጫንኩ። እርሾ ቀየርኩ፣ አብሲት አበዛሁ፣ ጤፉንም ረገምኩ (ምን በወጣው!)።

የታችኛዋ ጎረቤቴ ፍርፋሪውን አይታ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ምጣዱን አሟሽተሽዋል?»

አላሟሸሁትም።

ጎመን ዘር ወቅጬ፣ ምጣዱን በደንብ አግዬ፣ ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በጨርቅ ደጋግሜ አሸሁት። ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳዎች ይሞላና ይደርቃል፤ ሊጡ የሚይዘው ነገር ያጣል። መጣበቁ በዚያው ቀን ቆመ።

ዓይኑ ግን ገና ነበር። እኛ ሰፈር ማታ ማታ ሁሉም ሲጥድ መብራቱ ይደክማል። ኃይል የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ ከ220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ ሲሶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። አሁን ንጋት 11 ሰዓት ተነስቼ እጋግራለሁ። ዓይኑም መጣ።

እንጀራዬ ዲዛይን ነው፤ የሱቅ ማስታወቂያ እሠራለሁ። ያን ሰሞን አንድ ሰሌዳ እምቢ ብሎኝ ቀለም ስቀያይር ነበር የማድረው። እዚህም ሊጡን እየወቀስኩ ምጣዱን አላየሁም ማለት ነው! በማግስቱ ሰሌዳው የሚሰቀልበትን ቦታ ሄጄ አየሁት። ግድግዳው ደማቅ ቀይ ነው፤ የኔም ፊደሎች ቀይ።

የመጀመሪያዋ እንጀራ አሁንም ትበላሻለች። እሷን ልጆቹ በበርበሬ ይጨርሷታል።