ሺ ጋኦ፦ ቻይናዎች ጥሬ ጀሶ ድንጋይ ለትኩሳት እንዴት ነው ሚያፈሉት

መጀመሪያ ይሄን እንግባባ፣ የማወራው ግድግዳ ስለሚለሰንበት ጀሶ አይደለም። ሺ ጋኦ ሚባለው ከመሬት እንደወጣ ያልተቃጠለ ጥሬ ድንጋይ ነው፣ ነጭ ሆኖ ሲሰነጠቅ እንደ ሐር ክር ያብረቀርቃል፣ ቻይና ሁቤይ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለችው ዪንግቼንግ ከተማ በሱ ነው ምትታወቀው። የግንባታው ግን በእሳት ውሃው የወጣለት ስለሆነ ውሃ ሲያገኝ መልሶ ድርቅ ይላል፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ አስቡት! እኛ ሀገር እንጀራ ውስጥ ጀሶ ሲጨምሩ የተያዙ ሰዎች ስለነበሩ ነው እንዲህ አጥብቄ ምናገረው። ቻይናዎችም ቢሆኑ የተቃጠለውን ቁስል ላይ ይነሰንሱታል እንጂ አይጠጡትም።

በጣም የታወቀው አሰራር "ነጭ ነብር" ሚሉት ነው፣ የዛሬ 1800 ዓመት ገደማ ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለ ሐኪም የጻፈው፣ ኃይለኛ ትኩሳት ከብዙ ላብና ከውሃ ጥም ጋር ለያዘው ሰው። ዛሬ ሚለካው 50 ግራም ሺ ጋኦ፣ 18 ግራም ዥሙ ሚባል ስር፣ 6 ግራም የተቆላ የሊኮሪስ (ጣፋጭ ተክል ነው) ስርና 9 ግራም ሩዝ ነው።

ድንጋዩን በሙቀጫ አድቅቁት፣ ከዛ ስስ ንጹህ ጨርቅ ውስጥ ቋጥሩት። ሸክላ ወይም የመስታወት ድስት ይሁን፣ ብረትና አሉሚኒየም አይሆንም። ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፣ ድንጋዩ ለብቻው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይፈላል፣ ምክንያቱም ጂፕሰም (ይሄው ጥሬ ጀሶ) ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፣ 1 ሊትር ውሃ ሚይዘው 2 ግራም ምናምን ብቻ ነው ሌላው ታች ይቀራል። ቀጥሎ ሌሎቹን ጨምራችሁ ሩዙ እስኪበስል ማፍላት፣ በቃ ማጥለል፣ ለብ እያለ በቀን 3 ጊዜ ተከፋፍሎ ይጠጣል።

ሆዱ ደካማ ለሆነ፣ ለሚያስቀምጠው ወይ ትኩሳት ለሌለው ሰው አይሰጥም፣ በጣም "ቀዝቃዛ" መድኃኒት ነው (የሰውነትን ሙቀት ያወርዳል ለማለት) ነው ሚሉት። ደም ግፊት ያለበትም ሊኮሪሱን ይጠንቀቅ። ለነፍሰ ጡርና ለህፃን ደግሞ ባለሙያ ሳያየው እንዳትሞክሩ በናታችሁ።

ትኩሳቱ ወባ ወይ ታይፎይድ ሊሆን ስለሚችል ድስት ከመጣዳችሁ በፊት ደም ተመርመሩ። ዣንግ ሺቹን (1860–1933) ሚባለው የቻይና ሐኪም ራሱ በጥሬ ሺ ጋኦ በጣም ሚያምን ሰው ሆኖ ከአስፕሪን ጋር ነበር ሚሰጠው።