የባህር ዛፍ ሰጋቱራን ወደ ክፍልፍል ብሎኬት መቀየር

በቡራዩ፣ በሰበታና በለገጣፎ በኩል የእንጨት መሰንጠቂያና የእንጨት ሥራ ቤቶች ደጃፍ ላይ ሰጋቱራ ተቆልሎ ይታያል። ከፊሉን እንጀራ ጋጋሪዎች ለምድጃ ይወስዱታል፤ የቀረውን ዝናብ ያበሰብሰዋል። ከሲሚንቶ ጋር ሲቦካ ግን ቀላል፣ ሙቀት የሚይዝ፣ ምስማር የሚቀበል ብሎኬት ይወጣዋል። የጤፍ ጭድን ለዚህ አታባክኑት፤ ከብት ይበላዋል፣ ከግንባታም ቦታው የጭቃ ምርጊት ነው።

ብዙ ሰው የሚከስረው ሰጋቱራውን ሳያጥብ ሲያቦካ ነው። ባህር ዛፍ ስኳርና ታኒን (ውሃን የሚያጠቁር የእንጨት ንጥረ ነገር) አለው። ውሃ ሲያገኛቸው ይሟሙና ሲሚንቶው እንዳይጠነክር ያዘገዩታል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ያስቀሩታል። ብሎኬቱ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ደህና ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን ጠርዙ በጣት ይፈረፈራል። ያኔ ሲሚንቶ መጨመር ኪሳራውን ከማብዛት በቀር የሚፈይደው የለም።

የችፑድና የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ፍርፋሪና ቃጫ በሙጫ የተጣበቁ ሰሌዳዎች) ብናኝ የተቀላቀለበትን ሰጋቱራ ተዉት፤ ሙጫ አለበት። ንጹሑን በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉና ቅርፊትና ስንጣሪውን አውጡ። ዱቄት የሆነውንም በደቃቅ ወንፊት ለዩት፤ ሲሚንቶና ውሃ ይበላል።

የተነፋውን በርሜል ውስጥ ጨምራችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። በማግስቱ ውሃው የጠቆረ ሻይ መስሎ ይወርዳል። ድፉትና ቀለሙ እስኪሳሳ ድረስ ደጋግሙት። ቀጥሎ በ100 ሊትር ውሃ 5 ኪሎ ኖራ በጥብጡና 24 ሰዓት ዘፍዝፉት። ኖራ እጅ ይልጣልና ጓንት አድርጉ። ከዚያ አጥልሉና ሸራ ላይ አስጡት፤ ሲጨበጥ እርጥብ ሆኖ ካላንጠባጠበ ደርሷል። ጨርሶ ከደረቀ ለሲሚንቶው የታሰበውን ውሃ ይመጠዋል።

ሙሉ ከረጢት ከመቅደዳችሁ በፊት ሞክሩ። በሁለት የቆርቆሮ ክዳን፣ በአንዱ የሲሚንቶና የአሸዋ፣ በሌላው ሰጋቱራ ያለበትን ቡኮ ሙሉ። ከ48 ሰዓት በኋላ በምስማር ጫሯቸው። የሰጋቱራው ትንሽ ቢለሰልስ ያለ ነው፤ አውራ ጣት ከጎደጎደበት ግን ሰጋቱራው ወደ በርሜሉ ይመለስ።

ልኩ በስፍር 1 ሲሚንቶ፣ 1 አሸዋ፣ 2 ሰጋቱራ ነው። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ወደ 35 ሊትር ስለሚጠጋ፣ በ20 ሊትር ባልዲ አንድ ባልዲ ከሦስት ሩብ አሸዋና ሦስት ባልዲ ተኩል ሰጋቱራ ይገባበታል። ሲሚንቶና አሸዋውን በደረቁ አገላብጡ፣ ሰጋቱራውን ጨምሩ፣ ውሃውን በመጨረሻ በጥቂት በጥቂቱ። ቡኮው ሲጨበጥ ድቡልቡል ሆኖ መቆየት አለበት፤ በጣቶች መሃል ውሃ ከወጣ በዝቷል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሱት።

ለ40 በ20 በ10 ሳንቲ ሜትር ድፍን ብሎኬት ቅርጽ ማውጫውን ዘይት ቀብታችሁ ቡኮውን በሦስት ዙር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። መሃሉን ብቻ መጠቅጠቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ማዕዘኑ ባዶ ይቀርና ሲነሳ ይረገፋል። ከአንድ ከረጢት እንደ አጠቃጠቁ ከ8 እስከ 10 ይወጣል።

ጥላ ሥር አስቀምጡ፣ በላስቲክ ሸፍኑ፣ ለ7 ቀን አርጥቡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታና ሰንዳፋ ውርጭ ስላለ ማታ ላዩ ላይ ገለባ ደርቡበት፤ ብርድ ሲሚንቶውን ይበልጥ ያዘገየዋል። ከሳምንቱ በኋላ ነፋስ እያገኘው ይድረቅ፤ ከተሠራ 28 ቀን ሳይሞላው ግድግዳ ላይ አይውጣ። ሰጋቱራ ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ ተቸኩሎ የተደረደረ ብሎኬት ልስኑን በመጋጠሚያው በኩል ይሰነጥቀዋል።

ጣሪያ አይሸከምም፤ በኮለን (በኮንክሪት ምሰሶ) ወይም በእንጨት ቋሚ መካከል ለመሙያ ብቻ ነው። መታጠቢያ ቤት አታስገቡት። ከወለል እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ድረስም ድንጋይ ወይም ተራ ብሎኬት ይቅደም። ከመለሰናችሁ በፊት ግድግዳውን ውሃ አርከፍክፉበትና 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ የሆነ ቀጭን ርጭት ምቱበት፤ በማግስቱ ልስኑ ይቀጥላል።